ሁለት ቀን ወይስ ሦስት?

እኛ ሰፈር፣ ሀይሌ ጋርመንት፣ ወር በገባ በ30 የሚጣል እቁብ አለ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደንባችን ሁለት ቀን ይታገሳል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ 100 ብር ቅጣት ነው። አምና ደብተሩ ሰለቸኝና ሒሳቡን ወደ ፓይተን አዞርኩት።

መጀመሪያ ያደከመኝ ቀላል የመሰለኝ ነገር ነው። ዴትታይም የሚባለውን ሞጁል ኢምፖርት አደረግኩና በቀጥታ “ቱደይ” ብዬ ጠራሁ። እንዲህ የሚባል ነገር የለኝም አለኝ። ለካ ሞጁሉም ዴትታይም ነው፣ ውስጡ ያለው ክላስም ዴትታይም ነው! ልክ እንደ ሰፈራችን፦ ጋርመንት ስትሉ አደባባዩም ነው፣ ታክሲ መያዣውም ነው፣ ሰፈሩም ነው። “ጋርመንት ወርጃለሁ” ብሎ የሚደውል እንግዳ ገና ቤት አልደረሰም። ኢምፖርት ማድረግ ከታክሲ መውረድ ነው፤ ከዚያ በነጥብ ወደ ክላሱ ገብታችሁ ነው ሜተዱን የምትጠሩት።

ቱደይ ደግሞ የክላሱ ሜተድ ነው። የእቁቡን ደንብ ለማወቅ የግድ አንድ አባል መያዝ እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ እሱን ለመጥራትም አስቀድሞ አንድ ቀን መፍጠር አያስፈልግም። ይሄ ሲገባኝ በቃ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት እናት የመስከረም 30ውን እቁብ ጥቅምት 2 ይዘው መጡ። ፕሮግራሜ “ሦስት ቀን” አለ።

“ልጄ፣ ሁለት ቀን መስሎኝ” አሉ።

“ኮምፒውተር አይሳሳትም እማማ” አልኳቸው። ከመቀነታቸው ፈተው 100 ብር ከፈሉ።

ጥቅምት 30 ላይ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። በሁለተኛው ወር 30 የሚባል ቀን የለም አለኝ። ክው አልኩ። ለፓይተን 1ኛው ወር መስከረም ሳይሆን ጃንዋሪ ነው፤ 31 ቀን አለው። አንዷን ቀን ከየት እንዳመጣት ያኔ ገባኝ። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም፤ ከ12 በላይ ወር አይቀበልም።

የራሴን ሞጁል ጻፍኩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዓመቱን በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ትቶ መደመር፤ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 አባዝቶ መጨመር፤ በመጨረሻ ቀኑን መደመር። ሁለቱን ቀኖች እንዲህ ቁጥር አድርጎ ማቀናነስ ነው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ትገባለች።

በሚቀጥለው እጣ ብሩን በሁሉም ፊት መለስኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። እማማ ሳቁና “እኔስ በጣቴ ቆጥሬ ነበር” አሉ።

ወገን፣ ሰው የሠራውን ኮድ ኢምፖርት ስታደርጉ አቆጣጠሩንም አብራችሁ ነው የምታስገቡት። ሰው ከመቅጣታችሁ በፊት በጣታችሁ ቁጠሩ።