እንግዳን ሰው በምን ቃል መጥራት ይገባል?

አንድ የተማረ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወልቂጤ ደረሰ። ከአውቶቡሱም በወረደ ጊዜ፥ በጥግ ቆመው ሸክም ይጠብቁ የነበሩትን አንድ ሽማግሌ «አንተ፥ ና ይህን አንሣ» ብሎ ጠራቸው። እሳቸውም «እሺ ጌታዬ፤ ወዴት ይሄዳሉ?» ብለው በአክብሮት መለሱለት። በአጠገቡ ቆጮ የምትሸጥ ሴት ግን ዝም ማለት አልቻለችምና «ልጄ፥ አባቴ ብትላቸው ምን ይጎድልብሃል?» አለችው።

«እርስዎ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ርእስ» የወጣ ስለ ሆነ «ራስዎ» እንደ ማለት ነው። አማርኛ የተከበረውን አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቈጥሮ «መጡ፥ ሄዱ» ይላል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. በዘመተበት በኮርያ አገርም አክብሮት በግሥ መጨረሻ ይታወቃል፤ የማያውቁትን ሰው ለመጠየቅ ሲሹም «ሺልሌሃምኒዳ» ይላሉ፤ ይኸውም «ሥርዐት ማጓደሌ ነው» እንደ ማለት ነው።

«አንተ» ማለት ግን በራሱ ስድብ አይደለም። እናት ልጇን፥ ወዳጅ ወዳጁን፥ የሚጸልይም ሰው ፈጣሪውን «አንተ» ይላል። ይሁን እንጂ ይህ የቅርበት ቃል ቅርበት በሌለበት ለድኻ ሲሰጥ የማዘዣ ቃል ይሆናል። ያው መንገደኛ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ቢያገኝ ኖሮ «ይቅርታ ጌታዬ» ይል ነበር፤ እንግዲህ ቃሉን የመረጠለት ዕድሜ ሳይሆን ልብስ ነው።

ለጉራጌ ሰው ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ቀድሞ በአዲስ አበባ ተሸካሚ ሲፈለግ «ጉራጌ!» ብሎ መጣራት ልማድ ነበርና፥ የሕዝቡ ስም የሸክም ስም ሆኖ ነበር። እንዲያ ሲጠሩ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ ከላባቸው ዋጋ አዋጥተው፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ማኅበር አቁመው ለአገራቸው መንገድ አሠሩ። መንገዱ ተሠራ፤ ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ ቸሃው፥ እነሞሩ፥ መስቃኑ፥ ክስታኔውና ስልጤው ይገናኛሉ። የሰውየውን ወገንም ሃይማኖትም ሳይጠይቁ የሚጠሩበት ቃል «አባቴ፥ እናቴ፥ ወንድሜ፥ እኅቴ» ነው። ይህ ቃል ዋጋ አያስከፍልም፤ ስለዚህ የሚከለክለው ሰው በድኽነት ማመካኘት አይችልም።

መንገደኛው አፈረ። የሻንጣውን አንድ ጫፍ ይዞ «ይቅርታ አባቴ፤ የቡታጅራው መኪና የሚቆመው በየት በኩል ይሆን?» አለ።

ሽማግሌውም «ናማ ልጄ፥ ላሳይህ» አሉት።