ደላላ አይደውል

ቤት የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያውን የሚዘጋባት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ አሁን ገንዘብ አበዳሪውም ተዋሳት። በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ታገኟታላችሁ፦ «ለነጋዴዎች ብድር፣ በሦስት ቀን፣ ቀጥታ ከባለገንዘቡ። ደላላ አይደውል።» ስትደውሉ ስልኩን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ራሱ ደላላው ነው።

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አቃቂ ቃሊቲ ሼድ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይዱ፣ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ቶርኖ ቤት የከፈቱ ናቸው። «በቀጥታ ልበደር ወይስ በደላላ?» ሲሉኝ የምመልሰው አያስደስታቸውም። እናንተ ስትከስሩ አብሯችሁ የሚከስረው ማነው? መጀመሪያ እሱን ለዩ እላቸዋለሁ።

ደላላው ከሰማይ አልወረደም። ሼድ ውስጥ ያለ ሰው ሦስት ማሽንና አምስት ሠራተኛ ሊኖረው ይችላል፤ ሼዱ ግን የኪራይ ነው፣ ካርታ የለውም። ባንክ ደግሞ ከሁሉ በፊት ካርታ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ኋላ ገደቡ ከፍ አለ እንጂ ወረፋው አልጠፋም። ገንዘብ ሲጠብ ደግሞ የትኛው ባንክ በዚህ ወር እንደሚያበድር ማወቅ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል። ደላላው የሚሸጠው ይህንኑ ነው። እኔ አልንቀውም። ክሊራንስ የሚያስጨርስ፣ የሒሳብ መግለጫ የሚያሰናዳ፣ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥ ደላላ አይቻለሁ፤ ለዚህ ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ነገሩ የሚበላሸው ኮሚሽኑ ላይ ነው። እንበል ላሜራና ቱቦላሬ መግዣ 300,000 ብር ለሦስት ወር ፈለጋችሁ። «አምስት ፐርሰንት ብቻ» ይላችኋል። 15,000 ብር ከላይ ይነሳል፤ እጃችሁ የሚገባው 285,000 ነው። የቤትና የመኪና ደላላ ሁለት ፐርሰንት ሲወስድ ስለለመድን አምስት ብዙም አያስደነግጠንም። ቤት ግን አንዴ ተሽጦ ያልቃል፤ ይህ ገንዘብ በሦስት ወር ይመለሳል። በዓመት ብታሰሉት ኮሚሽኑ ብቻውን ከ20 በመቶ ያልፋል፣ ወለዱ ገና ሳይነሳ። በየሦስት ወሩ ብታሳድሱትና በየጊዜው ቢቀበላችሁ በዓመቱ 60,000 ብር ሆነ። የኮሚሽኑ መጠን በብድሩ መጠን ስለሚለካ ደግሞ 300,000 የሚበቃውን ሰው «ግማሽ ሚሊዮን አድርገው፣ ሌላው ለመጠባበቂያ» ይለዋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ቢዝነሱ ቢያድግም ቢዘጋም ደላላው የሚያገኘውም የሚያጣውም የለም።

ካርታ ለሌለው ሰው ካርታ ያለው ሰው የሚያመጡም አሉ። ባለካርታው ዋጋውን ተቀብሎ ቤቱን በእናንተ ብድር ያስይዛል። ይህን ዝግጅት በጣም እፈራዋለሁ፤ አንድ ክፍያ ሲዘል የምትጣሉት እናንተና ባንኩ ብቻ አይደላችሁም፣ ሦስተኛ ሰው ከነቤተሰቡ ይጨመራል።

«እንግዲያው በቀጥታ ይሻላላ!» የሚል አይጠፋም። ግለሰብ የሆነውን ቀጥታ አበዳሪ እንየው። ያው 300,000፣ በወር ከመቶ አሥር፣ ለሦስት ወር። ደላላ የለ፣ ኮሚሽን የለ። የ390,000 ብር ቼክ ትፈርማላችሁ፤ ወለድ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2479 በተዋዋዮች መካከል ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ በዚያ ስሌት የሦስት ወሩ ወለድ 9,000 ብር ነው። እናንተ የምትከፍሉት 90,000። አራጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ወንጀል ነው፤ ግን ቼኩ ላይ ስለማይታይ ማስረዳቱ የእናንተ መከራ ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 693 አለ፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ። ቼኩ ሲደርቅ ወንጀሉ የሚታየው በእናንተ ላይ ነው።

ባንክ አሥር ጥያቄ ሲጠይቅ እንሰለቻለን። ለማን ትሸጣለህ? ተሰብሳቢህ ስንት ነው? ተቋራጩ በስንት ቀን ይከፍልሃል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ገንዘቡ የሚመለሰው ከሥራችሁ እንደሆነ ያውቃል። ስለ ሥራችሁ ምንም ሳይጠይቅ የቼክ ደብተር እንዳላችሁ ብቻ የሚጠይቅ ሰው የተማመነው በሌላ ነገር ነው፤ እስር ቤት እንደምትፈሩ ያውቃል። እኛ ሰፈር ላለ ሰው ደግሞ እስር ቤቱ ሩቅ አይደለም።

ወረቀቱን ሌላ ስም በመስጠት ወለድን መሰወር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለትንንሽ ንግዶች ገንዘብ የሚያስቀድሙ ድርጅቶች ውላቸውን «የወደፊት ሽያጭ ግዢ» ይሉታል፤ ብድር ካልሆነ የወለድ ጣሪያ አይነካውማ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2025 የኒውዮርክ ዋና አቃቤ ሕግ ከእነዚህ አንዱ በሆነው የሎውስቶን ካፒታል ላይ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ፍርድ መገኘቱን አስታወቁ። ያም ቀጥታ ገንዘብ ሰጪ ነበር።

ለአራጣ የሚመች ቀዳዳ ያላየሁበት ቀጥታ አበዳሪ ዕቁብ ነው። አቃቂ ገበያ ያለ ነጋዴ ገንዘብ ሲቸግረው ዕጣ የደረሰውን ሰው ያነጋግራል፤ ያ ሰው ትንሽ ተጨምሮለት ተራውን ይለቃል። የነገን ገንዘብ ዛሬ መግዛት ማለት ይኸው ነው። ጭማሪው ይታወቃል፣ ዋስ ይጠራል፣ የሚከስረውም አጠገባችሁ የተቀመጠ የዕቁብ አባል ነው፤ ስለዚህ ስለ ሥራችሁ ይጠይቃል፣ ካስፈለገም ገበያ ያመጣላችኋል። ድክመቱ ልኩ ነው፤ ለላሜራ ይበቃል፣ ለማሽን አይበቃም።

ወደ ብድሩ ስልክም ገብቷል። በ2014 ክረምት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ብድር ሲጀምር ቢያንስ ደላላውን ዘለለው፤ ገንዘቡ ለትንሽ ሱቅ እንጂ ለወርክሾፕ አይሆንም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል፤ ማሽናችሁን እየሠራችሁበት፣ ተሰብሳቢ ሒሳባችሁንም ጭምር። በአግባቡ ቢሠራበት የሼድ ሰው ካርታ ፍለጋ ደላላ ዘንድ ባልሄደ። ደንበኞቼ ግን አዋጁን ጠቅሰው ባንክ ሲገቡ አሁንም «ቤት የለህም?» ይባላሉ።

እዚህ አካባቢ ቶርኖ ወይም ፕሬስ ማሽን አስይዞ የተበደረ ካለ ይጻፍልን። የማሽኑ ዋጋ በማን ተገመተ? ከግምቱስ ስንት እጁን አበደሯችሁ? ሁለት ደንበኞቼ በዚህ ሳምንት ማመልከቻ ሊያስገቡ ነውና ቢቻል ከዚያ በፊት።