እጅሽ እንዳያጥር

ከሚሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፤

አንቺንም ባልሽንም አላህ በሰላም ያድርሳችሁ፤ የምትገቡበትን ቤት የበረካ ቤት ያድርግላችሁ። ይህን በወረቀት ያሰፈርኩት ምክር በቃል ሲነገር ስለሚረሳ ነው። ለባልሽም አንብቢለት። አንዱ የሚቆጥብበትን ምክንያት ሌላው ካላወቀ ቁጠባው ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

አዲስ አበባ ሁለት ደመወዝ ይዛችሁ ትገባላችሁ። የቤት ኪራዩ ብዙውን ይወስደዋል፤ የቀረው ለአስቤዛ፣ ለትራንስፖርት፣ ለበዓልና ለዘመድ ነው። ያስጨንቃል፣ ግን አብሽሪ። እኔና አባትሽ እናንተን ያሳደግነው በአንድ ደመወዝና በእኔ ጥቂት የእህል ንግድ ነው፤ ማዕዳችን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ በዓልም ሲመጣ አልተደበቅንም።

አስቀድሜ ዋናውን ልንገርሽ። ቁጠባና ስስት ለየቅል ናቸው። እንግዳ ሲመጣ፣ ጎረቤት ሲቸገር፣ በዓል ሲደርስ እጅሽ እንዳያጥር ነው የምትቆጥቢው። ስለዚህ ወጪ ስትቀንሺ ለሰው ዓይን የሚደረገውን ቀንሺ፤ ለሰው የሚሰጠውን አትንኪ። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚች አንድ ነገር የሚወጣ ነው።

ከእህል ልጀምር። አሁን ያለንበት ወር የመኸር ወር ነው። እዚህ በጨፋ ማሽላው እየተቆረጠ፣ ጤፉ እየታጨደ ነው። ከአሁን ጀምሮ እስከ የካቲት እህል ይረክሳል፤ ከሰኔ ወዲያ መወደድ ይጀምራል፤ በሐምሌና በነሐሴ የገበሬውም ጎተራ ስለሚራቆት ዋጋው ከሁሉ ይከፋል። በየሳምንቱ አምስትና ስድስት ኪሎ እየገዛ የሚኖር ደመወዝተኛ እነዚያን ውድ ወራት በሙሉ ይከፍላል። ከሠርጋችሁ ስጦታ የተረፈውን ብር ለሶፋ አታውሉት፤ አንድ ኩንታል ጤፍና ግማሽ ኩንታል ማሽላ ግዙበት። ለሁለት ሰው ስድስት ወር ገደማ ያስኬዳል፤ ለውዶቹ ወራት የሚሆነውን ዋጋው ሳይነሣ እስከ የካቲት ጨምሩበት። ሶፋው ይደርሳል፤ የኅዳር ዋጋ ግን አይጠብቅም።

ማሽላን ነቀዝ ይደፍረዋል፤ ጤፍን አይነካውም። ስለዚህ ለክረምት የምታቆዩት ጤፉን ይሁን፤ ማሽላውን አታቆዩት። ጆንያውን በቀጥታ ወለል ላይ አታስቀምጪው፤ ከሥሩ እንጨት አድርጊለት፤ ከግድግዳውም ትንሽ አርቂው። ስታስፈጪ ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ማሽላ ቀላቅዪ። ማሽላው ከዚያ ከበዛ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፤ አብሲቱን በደንብ ካበሰልሽ ግን ልስላሴው ይቆያል። ከተማ ገብተሽ በማሽላ እንጀራ አትፈሪ። ያሳደገሽ እሱ ነው።

በርበሬውንም የዓመቱን በአንድ ጊዜ ግዢና አዘጋጂ፤ ምርቱ የሚገባው በእነዚህ ወራት ነው። ሽሮሽን ከሱቅ በላስቲክ አትግዢ። አተሩንና ሽምብራውን በጥር ወይም በየካቲት ገዝተሽ፣ ለቅመሽ፣ ቆልተሽ አስፈጪው። ማሾንም ነጋዴ የሚጭነው ነገር ብቻ አድርገሽ አትዪው። አገራችን ማሾ ዘርቶ ለውጭ ገበያ ይልካል፣ በኢትዮጵያ ምርት ገበያም ይሸጣል፤ የራሳችን ጓዳ ግን ይረሳዋል። ክኩ ጥሩ ወጥ ይወጣዋል፤ ንፍሮውም ለልጅና ለቡና ቁርስ ይሆናል።

አዲስ አበባ ስትገቡ መጀመሪያ የሰፈራችሁን ሸማቾች ማኅበር ፈልጉ፤ ዘይትና ስኳር ከዚያ ይሻላል። ሽንኩርትና ቲማቲሙን ከእሁድ ገበያ ግዢ። እህል በብዛት ስትፈልጊ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ሆነሽ ወደ ጅምላ የእህል ገበያ ውረጂ፤ ማስጫኛውን ትካፈላላችሁ። ሳትበዪ ገበያ አትውጪ፤ የሚገዛውንም ቤትሽ ሆነሽ ጽፈሽ ውጪ።

እህል በቤት አኑሪ የምልሽ ለዋጋው ብቻ ብዬ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በከፋ ጊዜ ባቲ ላይ ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ነበር፤ ያን ዘመን ያየ ሰው ፍሬ እህል አይንቅም። መከራው ከድርቅና ከጦርነት የመጣ ነበርና የተራበውን ሁሉ አልቆጠበም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ሆኖም ያለችውን ግማሽ እንጀራ ቆርሶ ለጎረቤት ያካፈለ ቤት ነፍስ አትርፏል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ሲደርስም አይተሻል፤ ገበያው ተዘግቶ ብር የያዘ ሰው የሚገዛው አጣ። በጓዳው ዱቄት ያለው የራሱንም የጎረቤቱንም ልጅ አበላ። የሁለት ሦስት ወር እህል ከቤትሽ አይጥፋ።

አሁን ወደ ረመዳን ልምጣ፤ ዘንድሮ የካቲት 11 ገደማ ይገባልና ሩቅ አይደለም። ጾም የምግብ ወጪ የሚቀንስበት ወር መሆን ሲገባው በብዙ ቤት ከወራት ሁሉ ውዱ እሱ ሆኗል። ቀን የተጾመው ማታ በአምስት ዓይነት ምግብ ይካሳል፤ ግማሹ ተርፎ ይደፋል። አንቺ ቴምሩንና የሾርባ እህሉን ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር ግዢ። ለኢፍጣር ቴምር፣ ውኃ፣ ሾርባና አንድ ወጥ ይበቃል። ሳምቡሳው የየቀን ግዴታ አይሁን፤ ሰው የምትጋብዢበት ቀን ይሁን። ለብቻችሁ አምስት ሳህን ከምትደረድሩ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ብቸኛ ሰው ጥሩ። አዲስ አበባ ቤተሰቡ የራቀበት ተማሪና የቀን ሠራተኛ ሞልቷል።

ዘካተል ፊጥርንም የመጨረሻው ሌሊት ላይ አትሩጪለት። በነፍስ ወከፍ አራት እፍኝ፣ 2 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ እህል ነው። ዛሬ ከጆንያሽ የሁለታችሁን ለይተሽ አስቀምጪ፤ ከኢድ ሰላት በፊት ለሚገባው ሰው ይድረስ።

በዓሉን በተመለከተ ደመወዝተኛ ሰው የሚስተው ስሌት አለ። የጨረቃው ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ በዓሎቻችን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ። ኢድ አልፈጥር በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 2 ዋለ፤ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 21። ዐረፋም በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29 ነበር። ከኢድ እስከ ኢድ 12 ሙሉ ደመወዝ አለ ብለሽ ከቆጠርሽ በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ደመወዝ ይጎድልሻል። ስለዚህ የበዓል ወጪሽን በ11 አካፍዪ። ለሁለቱ ኢዶች 22 ሺህ ብር ያስፈልገናል ካላችሁ በየወሩ 2 ሺህ ብር ለብቻ ይቀመጥ፤ ለሌላ ነገር አይነካ።

ከፈጥር እስከ ዐረፋ ያለው ደግሞ 68 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ያላችሁን ሁሉ በፈጥር ከጨረሳችሁ ዐረፋ ባዶ እጃችሁን ያገኛችኋል። ልብስ ለፈጥር፣ እርድ ለዐረፋ ብላችሁ ከወዲሁ ክፈሉት። በሚመጡት ዓመታት ረመዳን ወደ ጥርና ወደ ታኅሣሥ፣ እህል ወደሚረክስበት ወቅት እየተሳበ ይመጣል፤ እነዚያን ዓመታት ለማጠራቀም ተጠቀሙባቸው። አላህ ልጆች ሰጥቷችሁ ከፍ ካሉ በኋላ ደግሞ በዓሉ ወደ መስከረምና ወደ ክረምት ይገባል፤ ያኔ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ፣ የእህል መወደድና ኢድ በአንድ ላይ ይመጡባችኋል።

የዐረፋውን እርድ በተመለከተ፣ በአዲስ አበባ ኪራይ ቤት አንድ በግ ለብቻችሁ ለመግዛት ተበደሩ የሚል ሃይማኖት የለም። ኡድሒያ ለቻለ ሰው ነው። አንድ በሬ ለሰባት ሰው ይበቃል፤ ሁለት ዓመት የሞላውና እንከን የሌለበት ይሁን እንጂ። ስድስት ታማኝ ቤተሰብ ፈልጋችሁ ከወር በፊት ገንዘቡን አዋጡ፤ በዋዜማው የተገዛ ከብት ሁልጊዜ ውድ ነው። ካልተመቻችሁም ድርሻችሁን ወደዚህ ላኩ። ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሁድ ገበያ ይውላል፤ አባትሽ መርጦ ይገዛላችኋል፣ ሥጋውም በስማችሁ ለዘመድና ለችግረኛ ይከፋፈላል። እዚያ ካረዳችሁ ግን አንዱን ሲሶ ለቤታችሁ፣ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱን ለድኻ አድርጉት። ከቤታችሁ ድርሻ ግማሹን በማግስቱ ቋንጣ አድርጊው፤ በሦስት ቀን ተበልቶ የሚያልቀው ሥጋ ለሳምንታት ወጥ ያጣፍጣል።

ገንዘቡን የት እናስቀምጠው ትዪ ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ቦታ አታድርጉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲሆን አይተናል፤ ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ብር ሳይነካ ያልቃል። አንዱን ክፍል ከላይ እንዳልኩሽ በእህል ያዙት። አንዱን ባንክ አስቀምጡ። ወለድ ላለመንካት ከባንክ የምንሸሽበት ዘመን አልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፣ ሌሎቹም ባንኮች የራሳቸው አገልግሎት አላቸው። በወዲዓ ሒሳብ ያስቀመጥሽውን በፈለግሽ ጊዜ ታወጪዋለሽ፤ በሙዷረባ ደግሞ ባንኩ ሠርቶ ካተረፈው ትካፈያለሽ።

ሦስተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብ ወለድ የለበትም፤ በዚያም ላይ ሰው ፊት የገባሽው ቃል ስለሆነ ብሩን አስቀምጠሽ እንዳትነኪው ይረዳሻል። ግን ዕወቂበት። ዋጋ በሚንርበት ዘመን መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ይጎዳል፤ ያዋጣው ብር የሚገዛው ነገር ቀንሶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አጭር ዕቁብ ግቢ፣ ዋስ የሚያስጠራና የታወቀ ሰብሳቢ ያለው ይሁን፤ ዕጣው የደረሰሽ ቀንም ለታሰበለት ነገር አውዪው። ከአቅምሽ በላይ አትጣይ። ዕቁብ ለመጣል የሚበደር ሰው ቁጠባ ላይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ከዱቤ ራቂ። የሰፈር ሱቅ ደብተር ላይ የሚጻፍ ዕዳ ቀላል ይመስላል፤ ወር ሲያልቅ ግን ምን እንደበላሽ ሳታስታውሺ ደመወዝሽን ትሰጫለሽ። የበዓል ዱቤ የባሰ ነው፤ ሥጋው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላም ትከፍዪዋለሽ። አቅማችሁ ዶሮ ከሆነ በዶሮ ዋሉ። አባቶች “እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር” ያሉት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ይሉኝታ የሚያስወጣው ወጪ ረሃብ ከሚያስወጣው ይበልጣል። መጋረጃ ለኢድ ካልተለወጠ፣ ብርጭቆ ካልተገዛ፣ የአምናው ቀሚስ ታጥቦ ከተለበሰ በዓሉ አይጎድልበትም።

የማይቀነሱትንም ልጻፍልሽ። የዕድር መዋጮሽን፣ እኛ እዚህ ለቅሬ እንደምናደርገው፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ክፈዪ፤ ባዕድ ከተማ ላይ ሰው የሚያደርግሽ እሱ ነው። የልጅ ወተትና እንቁላል አይቀነስም፤ የነፍሰ ጡር ምግብም አይቀነስም። መድኃኒት አይዘገይም። በጠና ለታመመ ጎረቤት የምትወስጂው ነገር አይቆጠርም። ለእኛ መላክ ያስጨንቅሽ እንደሆነ ግን ተዪው፤ እኛ በራችን ላይ ገበያ አለን፤ በስልክ ድምፅሽን ካሰማሽን ይበቃናል።

በየወሩ የደመወዝ ማግስት ከባልሽ ጋር ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። የገባውን፣ የወጣውን፣ ለበዓሉ የተቀመጠውን በደብተር ጻፉ። ማንም ማንንም አይውቀስ፤ ቁጥሩ ይናገር። እሱ ጫት ላይ ወይም አንቺ ልብስ ላይ ያበዛችሁበት ወር ካለ ደብተሩ ያሳያችኋል፤ የሚቀጥለውን ወር ታስተካክላላችሁ። ይህን ከመጀመሪያው ወር ከለመዳችሁት የገንዘብ ነገር በመሐላችሁ ምሥጢር አይሆንም፤ ምሥጢር ካልሆነ ደግሞ ብዙ ቤት ያፈረሰውን ጠብ ታመልጡታላችሁ።

እኛ ለልጆቻችን የምናወርሰው መሬትም ሕንፃም የለንም። በልክ መኖርን ግን አይተሽ አድገሻል፤ አሁን የራስሽ ሆኗል። ቤትሽ አይራብ፣ ከደጅሽም የተራበ አይመለስ። አላህ ሪዝቃችሁን ያስፋ፣ በጥቂቱም በረካ ይስጥ፣ ከማጣትም ከማባከንም ይጠብቃችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም፤
እናትሽ