የፀጉር ስለት በሰባቱ ኮረብታዎች

እህቶቼ! «ሂውማን ሄር» ልትገዙ ገብታችሁ ዋጋው ሲነገራችሁ «ኧረ የማን ፀጉር ቢሆን ነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሻጮቹ «የብራዚል ነው»፣ «የፔሩ ነው» ይሏችኋል። የገበያ ስም ነው። በዓለም ከሚሸጠው ጥሩ ፀጉር ብዙው የሚነሣው ከደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶች ነው። እኔ ሲላጭ አይቼ መጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴን ለሕክምና ይዤ ቼናይ ሄድኩ። ያረፍነው አስታማሚዎች የሚያዘወትሩት እንግዳ ማረፊያ ነበር። ባለቤቶቹ ቲሩፓቲ ለስለት ሊሄዱ ሲነሡ እናትየዋ «መኪናው ውስጥ ቦታ አለ፤ ሆስፒታል ብቻ አይተሽ አገርሽ ልትገቢ ነው?» አለችኝ። አክስቴም ከአልጋዋ ቀና ብላ «ሂጂ፣ ግን እንዳትሰግጂ» ብላ ፈቀደች።

ስለት ያልኩት አውቄ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ቃሉን ማስረዳት አያሻውም። ልዩነቱ እኛ ጃንጥላና ሻማ እንይዛለን፤ እነሱ ራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በአንድ ኢኖቫ ተጠቅጥቀን ወጣን። አባት፣ እናት፣ አያት፣ የ21 ዓመት ልጅ፣ ትንሽ ወንድሟ፣ ሾፌሩና እኔ። መንገዱ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ነው። ቲሩታኒን አልፈን የአንድራ ፕራዴሽን ድንበር ስንሻገር የሰሌዳው ፊደል ሁሉ ተለወጠ፤ ታሚልኛ ቀርቶ ቴሉጉኛ ሆነ። ሁለቱንም አላውቅም፣ ግን መለወጡ ለዓይን ያስታውቃል።

መኪናው ውስጥ ግን ሰላም አልነበረም። አባትየው የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ ተስላለች። የተሳለችው ግን የራሷን ፀጉር አይደለም፤ የልጇን! ልጅቷ ደግሞ እስከ ወገቧ የሚወርድ ጉንጉን አላት፤ በሳምንቱ የኮምፒዩተር ድርጅት ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዋን ትጀምራለች። «አማ፣ ሳትጠይቂኝ ራሴን ሰጠሽብኝ» አለቻት። እናት ዝም። አባትየው በመስኮት ያያል። እሱ ምን ይበል? ስለቱ የሱ ነፍስ ነው። እኔ ከሁለቱ መሐል ተቀምጬ፣ አናቴ ላይ የተሰፋውን የገዛሁትን ፀጉር በነጠላዬ ሸፈን አደረግኩ።

ከተራራው ግርጌ አሊፒሪ የሚባል ኬላ አለ። ሲጋራ፣ መጠጥና ሥጋ ወደ ላይ ስለማይወጣ መኪናው ይፈተሻል። በእግር የሚወጡት 3,550 ያህል ደረጃ ይጠብቃቸዋል፤ እያንዳንዱን ደረጃ ቀለም እየቀቡ የሚወጡ ሴቶች አሉ። በመኪና የሚወጣው መንገድ ከሚወርደው የተለየ ነው፤ ጥምዝምዙ ጣርማ በርን ያስንቃል። ሆድ የሚያናውጣችሁ ከሆነ ሳትበሉ ውጡ። ስትደርሱም ጫማና ስልክ ይቀመጣል፤ ሴት በሱሪና በካናቴራ ልግባ ብትል የሚሰማት የለም።

ላይ ያለችው ከተማ ቲሩማላ ትባላለች። ቬንካቴስዋራ የሚባለው አምላካቸው ሲያገባ ለሠርጉ ከሀብት አምላክ ከኩቤራ ተበድሯል ይላሉ፤ ሕዝቡ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚጨምረው ገንዘብ ወለዱን ለመክፈል ነው። የሠርግ ብድር የኛ አገር ጣጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር! ሂንዱ ያልሆነ ሰው ለመግባት በአምላኩ አምናለሁ ብሎ ቅጽ መፈረም አለበት። እኔ አልፈረምኩም። የማላምንበትን ፈርሞ መግባት እነሱንም መናቅ ነው።

መላጫው አዳራሽ ካልያናካታ ይባላል። ተራ ቁጥርና የምላጭ ግማሽ ይሰጣችኋል፤ በነፃ ነው። ወንዱ፣ ሕፃኑ፣ አሮጊቱ በረድፍ ቁጭ ብሎ ይላጫል። ለሴቶች የሚላጩት ሴቶች ናቸው። ፀጉሩ በርዝመት ተለይቶ በጨረታ ይሸጣል፤ ቤተ መቅደሱ በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሩፒ ያገኝበታል። ሰጪዋ ግን ሳንቲም አትቀበልም።

በሩ ላይ ስንደርስ አያትየው አንድ ነገር አሉ። ሙሉውን መላጨት የማትፈልግ ሴት በመቀስ ሦስት ጊዜ ብቻ ተቆርጦላት መስጠት ትችላለች። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። እናትየዋ ግን «እኔ የተሳልኩት ሙሉውን ነው» አለች። ተፋጠጡ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ይገፋል። እናትየዋ ድንገት ምላጩን ከልጇ እጅ ወሰደችና ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ አላወቅናትም፤ ጭንቅላቷ ተላጭቶ ሰንደል ተቀብቶ ቢጫ ሆኗል። ልጅቷም ገብታ ሦስት ጊዜ አስቆረጠች። አንዳቸው ለሌላዋ ምንም አላሉም።

ወደ ውስጥ ገብተው ሲመለሱ መሽቶ ነበር። ይህን ሁሉ ሰዓት ተሰልፈው ምስሉን ያዩት ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ «ጃሩጋንዲ!» እያሉ ይገፏቸዋል፣ «እለፉ» ማለት ነው። አያትየው እያለቀሱ፣ እየሳቁም ነበር የወጡት። ስንወርድ ትንሹ ልጅ የእናቱን ራስ ሊዳስስ ፈለገ። ፈቀደችለት። ቀጥሎ ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ እናትየዋ ራሷን ዝቅ አደረገችላት።

ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ ለኔም አካፈሉኝ። ከሽምብራ ዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የሚሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ስሙ በሕግ ስለተጠበቀ ሌላ ሰው «የቲሩፓቲ ላዱ» ብሎ መሸጥ አይችልም። ለአክስቴ ይዤላት ሄድኩ። አሸተተችው። «ቅቤ አለበት፤ ደግሞም ለሌላ መሠዊያ የቀረበ ነው» አለችና አጠገቧ ለተኛችው ሕንዳዊት እንድሰጣት ላከችኝ። ሴትየዋ በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው።