ድቡና መብረቁ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የእህቴ ልጅ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ እያስተማረኝ ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ለገበያ የቀረበ የካርድ ጨዋታ ነው። ዛሬ ከመጀመሪያው ዕትም ጀምሮ ያሉ ሦስት ካርዶችን ብቻ ይዘን ተቀመጥን። ግሪዝሊ ቤርስ ጉልበቱም ጽናቱም 2 የሆነ ድብ ነው። ላይትኒንግ ቦልት 3 ጉዳት ያደርሳል። ጃያንት ግሮውዝ ለዚያ ተራ ብቻ የአንድን ፍጡር ጉልበትና ጽናት በ3 ይጨምራል።

መብረቁን በድቡ ላይ ለቀቅኩ። «ጋሼ ይቆዩ፣ ምላሽ አለኝ» አለና ጃያንት ግሮውዙን አወጣ። ካርዶቹ ስታክ በሚሉት ላይ ይደራረባሉ፤ መጨረሻ የመጣው ቀድሞ ይፈጸማል። ስለዚህ ድቡ አስቀድሞ 5 በ5 ሆነ፤ መብረቁ 3 ቢያደርስበትም ተረፈ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። እሱ ድቡን ሊያሳድግ ሲል እኔ በመብረቁ መለስኩ። ድቡ ሳያድግ ሞተ፤ ጃያንት ግሮውዝም የሚያርፍበት አጥቶ ከንቱ ቀረ። የካርዶቹ ጽሑፍ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ተራው ሲያልቅ ጭማሪው ይነሳና የድቡ ጽናት ወደ 2 ይመለሳል። የ3 ጉዳት ተሸክሞ እንዴት አይሞትም? ደንቡ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፦ በተራው ማብቂያ ጉዳቱም ጭማሪውም እኩል፣ በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ። ጭማሪው ቢቀድም ኖሮ ያዳነው ድብ መልሶ ይሞት ነበር። ይህን የጻፈ ሰው ነገሩን እስከ ጥጉ አስቦበታል፤ አከበርኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ልጁ የከበደውን እንቆቅልሽ ዛሬ አመጣልኝ። ሂዩሚሊቲ የሚባለው ካርድ (1997) ፍጡራንን ሁሉ ችሎታቸውን ገፎ 1 በ1 ያደርጋል። ኦፓሌሰንስ (1999) ደግሞ ሌሎች ኢንቻንትመንቶችን፣ ማለትም ሜዳ ላይ የሚቆዩ የአስማት ካርዶችን፣ ኦራ ከሚባሉት በቀር ፍጡር ያደርጋቸዋል፤ ጉልበትና ጽናታቸውም በዋጋቸው ልክ ይሆናል። ሂዩሚሊቲ ራሱ ኢንቻንትመንት ነው። ፍጡር ከሆነ የራሱን ችሎታ ይገፋል፤ ከገፈፈ ደግሞ በምን ኃይሉ ገፈፈ?

ደንቡ ይህን ለዳኛ ስሜት አልተወውም። ተጽዕኖዎች በ7 ደረጃ ይሰላሉ፦ ዓይነት በ4ኛው፣ ችሎታ በ6ኛው፣ ጉልበትና ጽናት በ7ኛው። በአንዱ ደረጃ ሥራ የጀመረ ተጽዕኖ ችሎታው መሐል ላይ ቢገፈፍም ሥራውን ይጨርሳል። ስለዚህ ሂዩሚሊቲ በ6ኛው ደረጃ ራሱን ገፎ እንኳ በ7ኛው ይሠራል። እዚያ ሁለቱ ሲጋጩ ኋላ የገባው ያሸንፋል፦ ኦፓሌሰንስ ከሆነ፣ ዋጋው 4 የሆነው ሂዩሚሊቲ 4 በ4 ይሆናል፤ ሂዩሚሊቲ ከሆነ 1 በ1። ድባችን ግን ኦፓሌሰንስ ስለማይነካው በሁለቱም መንገድ 1 በ1 ነው። ይህ ጥቃቅን ክርክር ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ የጨዋታው ትልቁ ውበት ይኸው ነው።

ልጁ ሲወጣ ሌላ ጥያቄ ጣለብኝ፦ ሁለተኛ ኦፓሌሰንስ ቢገባስ? «ሌሎች» ስለሚል አንዱ ሌላውን ፍጡር ያደርጋል፤ ሂዩሚሊቲም ሁለቱን ይገፋቸዋል። ግን ሥራቸውን የጀመሩት በ4ኛው ደረጃ ነውና ይጨርሱታል።