እንግዳና ሕፃናት በልደታ ሰፈር

ልደታ በአዲስ አበባ ከታወቁት ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የሩቅ አገር እንግዳ ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገ ጊዜ የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ ነበረ። የቦሌው ማኮብኮቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአየር የመጣው እንግዳ አስቀድሞ የሚረግጠው ይህንን ምድር ነበር። ዛሬ ከቀድሞዎቹ የቆርቆሮ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በስፍራቸው ፎቅ ቤቶች ቆመዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በዚያው ያልፋል። የሕፃናቱ ጨዋታ ግን ከፎቁ ሥር እንደ ቀድሞው ይሰማል።

እንደ ልደታ ባሉ ሰፈሮች፣ ስለ ክርስቶስ ፍቅር ሕፃናትን ለማገልገል ከባሕር ማዶ ለጥቂት ሳምንታት የሚመጡ ወጣቶች አሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ አማርኛ ግን አያውቁም። ቋንቋ የሌለው እንግዳ ከሕፃን ጋራ በምን ይግባባል? ይህንን ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልንመረምረው ወደድን።

የመጀመሪያው መንገድ ጨዋታ ነው። ቅልብልቦሽን በጠጠር፣ ሰኞ ማክሰኞን መሬት ላይ በተሠመረ መሥመር ለመማር ዓይንና እጅ፣ እግርም ይበቃሉ። ጠጠሩ ከእንግዳው እጅ ሲወድቅ ልጁ ይሥቃል፤ ቀጥሎም እጁን ይዞ ያሳየዋል። በእንቆቅልሽ ጊዜም መልሱ የጠፋበት ሰው አገር መስጠት ግድ ነውና፣ እንግዳው የትውልድ አገሩን ስም ቢጠራ ጨዋታው ይሠምርለታል።

ሁለተኛው መንገድ ተማሪ መሆን ነው። «ጠ»ን እና «ቀ»ን ማውጣት ለብዙ የውጭ አገር ሰው ያስቸግራል፤ «ጠራ» ሊል «ተራ» ይላል፤ ሴቷን ልጅ «ና»፣ ወንዱን «ነይ» ይላቸዋል። ልጆቹም ሥቀው ያርሙታል። ይህ ሣቅ ንቀት አይደለም። ዘወትር ተቀባይ ሆኖ የሚታይ ልጅ በዚያች ሰዓት ሰጪ ይሆናል፤ ትልቅ ሰው ማስተማሩም ክብር ይሆንለታል።

ነገር ግን ጨዋታ ሁሉን አይተረጉምም። ሕፃን ሲያመው፣ ሲፈራ ወይም ሲበደል የልቡን የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። እንግዳው ያልገባውን ነገር ራሱን እየነቀነቀ «እሺ» ቢለው፣ ልጁ የተሰማለት ይመስለዋል። በምልክት «ተመልሼ እመጣለሁ» ማለትም ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ቀን ይቆጥራል። ስለዚህ እንግዶችን የምንቀበል እኛ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ልጆቹ የሚያምኑት ሰው ከጎናቸው ልናቆም ይገባናል። ወላጅ ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣ፤ የማይፈጸም ተስፋም አይሰጥ።

ለዚህ ነገር በታሪካችን ምሳሌ አለን። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዓመት ከኤዴስዮስ ጋራ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ገና በልጅነቱ ነበረ። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ የተሾመውም ከአገሩ ሰው ጋራ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ የተጠራው አባት፣ ከመምህርነቱ በፊት እንግዳ ሕፃን ነበረ። ለጥቂት ሳምንታት የሚመጣ ሰው የእርሱን ያህል ሊቆይ አይችልም፤ ከማስተማር በፊት መማር እንደሚቀድም ግን ከእርሱ ሊያውቅ ይችላል።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሲከበር ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ በአንድነት ይቀምሳል። በዚያ ቀን የተገኘ እንግዳ ማንነቱ ሳይጠየቅ እፍኝ ንፍሮ ይደርሰዋል። በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለትን ከልጆቹ ቢማር፣ ለአገልግሎቱ ከዚህ የሚሻል መጀመሪያ አይገኝለትም።