ማህተሙ አልደበዘዘም፣ የደበዘዘው የኔ ስክሪን ነው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስብሰባም ስለ አቤቱታም አይደለም። ስለ ላፕቶፔ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ በዚህ ላፕቶፕ ምክንያት አንዲት እናት በድያለሁ፣ ይቅርታውንም እዚሁ ሁላችሁም በምታዩት ቦታ መጻፍ አለብኝ።

ናይሮቢ ያላችሁ ሥራዬን ታውቃላችሁ። ኢስሊ ባለችው ክፍሌ ፎርም እሞላለሁ፣ ደብዳቤ እተረጉማለሁ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰነድ አስተካክዬ እልካለሁ። መብራት ሲሄድ ወይም ቶክን ሲያልቅብኝ በባትሪ እቀጥላለሁ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ራይዘን። የጫንኩበት ኡቡንቱ 24.04 ነው፤ ነጻ ነው፣ የሌባ ዊንዶውስ ከመጫንም ያድናል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ማታ አፕዴት ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት፣ ሪስታርት አደረግኩና ተኛሁ። በማግስቱ መብራት የለም። እኚያ እናት የመጡት ያን ዕለት ነው።

ጉዳያቸው የቤተሰብ ነው። የልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት አገር ቤት ቀርቶ ስለነበር የወንድማቸው ልጅ ስካን አድርጎ በቴሌግራም ልኮላቸዋል። ለማስገባት የቀራቸው 10 ቀን ነው። ፋይሉን ከፈትኩት። ጽሑፉ ይነበባል፣ ማህተሙ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰማያዊው ቀለም ነጩ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

«እማማ፣ ይሄ አይሆንም። ማህተሙ አይታይም፣ እንደገና ይላክ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በኔ ስልክ እኮ ይታያል» አሉኝ።

«ስልክ ያታልላል እማማ» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

ሄዱ። የወንድማቸው ልጅ ከገጠር ወደ ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ መኪና ተሳፈረ። ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ስለሚቀንሰው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክም አዘዝኩ። አራት ቀን አለፈ። አዲሱ ስካን መጣ፣ አሁንም መብራት የለም፣ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ይሄኔ ጥፋቱን ስካን ባደረገው ሱቅ ላይ ጣልኩት። እማማ ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ማታ መብራት መጣ። ቻርጀሩን ስሰካው ፋይሉ እንደተከፈተ ነበር። ዓይኔ እያየ ማህተሙ ብቅ አለ። ክቡ፣ ፊርማው፣ ዙሪያው ያለው ጽሑፍ፣ ሁሉም። ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ማህተሙ ሄደ። ሰካሁ፣ መጣ። የመጀመሪያውን ስካን ከፈትኩ። እሱም ከመጀመሪያው ደህና ነበር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ወዲያው ደወልኩላቸውና እውነቱን ነገርኳቸው። ቀጥሎ ወደ ማሽኑ ዞርኩ።

አንድ ጠጋኝ በስልክ ሲሰማኝ «ስክሪኑ አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሁለት ነገር ሞከርኩ። መጀመሪያ፣ በባትሪ ላይ ሆኜ ስክሪንሾት አነሳሁና ወደ ስልኬ ላክሁት። ስልኩ ላይ ማህተሙ ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ ፋይሉም ፕሮግራሙም ጤነኛ ናቸው፤ ቀለሙ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ፣ ወደ ስክሪኑ ሲወጣ ነው። ሁለተኛ፣ ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን አሮጌውን ወዲያው አይጥለውም። ሲነሳ ኢስኬፕ ተጭኜ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ውስጥ አሮጌውን 6.8 መረጥኩ። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ማህተሙ ከቦታው አልተነቃነቀም። በአዲሱ 6.11 ስነሳ ግን እንደገና ደበዘዘ። ስክሪኑ አላለቀም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤኤምዲ ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች ባትሪ የሚቆጥቡበት አንድ ዘዴ አላቸው። የስክሪኑን የኋላ መብራት ይቀንሱና ዓይን ልዩነቱን እንዳያውቅ ሥዕሉን ራሱን ያፈኩታል። ከከርነል 6.9 ጀምሮ ይህን ዘዴ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲያዙት በር ተከፈተ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ኃይል የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ደግሞ በሩ ሲከፈት ለመጠቀም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። 6.8 እያለ በሩ ዝግ ነበር፤ 6.11 ሲመጣ ተከፈተ፤ ቻርጀር በተነቀለ ቁጥር ቁጠባው ይጀምራል። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ባትሪው ይቆይለታል። ሳሳ ያለ ሰማያዊ ማህተም ለሚያይ ሰው ግን ሥዕሉ ሲፈካ ማህተሙ ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆናል።

ይህ የደረሰባችሁ ካላችሁ መፍትሔው ቀላል ነው። ለጊዜው፣ በፓወር ሞድ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ካለ እሱን ምረጡ። በቋሚነት ለማጥፋት በግራብ ፋይል ላይ የኤኤምዲጂፒዩን «ኤቢኤም ሌቭል» ዜሮ የሚያደርግ አንድ ቃል ይጨመራል፣ ግራብ ይታደሳል፣ ሪስታርት ይደረጋል። በትክክል እንዴት እንደሚጻፍ በኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፤ ይለቅ። አፕዴት ግን አታቁሙ፣ የደህንነት ጥገና የሚመጣው በሱ ነው።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ሰነዱ ቀኑ ሳያልፍ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያስገባነውም የመጀመሪያውን ስካን ነው። ለወንድማቸው ልጅ የመኪናውንና የስካኑን ከኪሴ ልኬያለሁ። የሄደበትን መንገድ ግን መመለስ አልችልም፤ በዚህ ጊዜ እዚያ መንገድ ላይ መኪና መሳፈር ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

የሚቆጨኝ የከርነሉ ነገር አይደለም። እኚያ ሴትዮ «ይታያል» ብለውኝ ነበር። ስልካቸውን እንኳ አሳዩኝ አላልኳቸውም። ሁላችንም በአንድ መስኮት ፊት ቆመን፣ ከወዲያ ያለው ሰው ኮምፒውተሩን እያየ «አይታይም፣ የለም፣ ተመለስ» ብሎን ያውቃል። እኛም እያየነው፣ በእጃችን ይዘነው ተመልሰናል። ያን ዕለት ከወዲያ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ማሽን ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ቀጥሎ ግን ስልኬን እይ» አሉ።

አሁን ከክፍሌ ለምትመጡ ሁሉ፦ «አይታይም» ካልኳችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ አሳዩኝ። አትፈሩኝ። ቻርጀሩ ተሰክቶ እንደሆነም ጠይቁኝ።